ውሃን በባቄላ ውስጥ መከተል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ዝግጅት

የዚህ ሥራ ዓላማ ውሃ ከአፈር ተነሥቶ በቅጠል በኩል ወደ አየር እስኪወጣ ድረስ የሚያልፍባቸውን የተክል ክፍሎች በቅደም ተከተል ቆርጦ፣ ቀለም አስነክቶና በማይክሮስኮፕ አይቶ መመዝገብ ነው። ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል እያሉ ክፍሎቹን ለየብቻ መዘርዘር የተለመደ ቢሆንም፣ በዚያ አካሄድ የአንዱ ክፍል ውስጣዊ አደረጃጀት ከሌላው ለምን እንደሚለይ አይታወቅም። ውሃውን ተከትሎ ለሚሄድ ሰው ግን የእያንዳንዱ ክፍል ቅርጽ ከሥራው ጋር የሚገናኝበት ቦታ አንድ በአንድ ይገለጣል የሚል ግምት ይዤ ጀምሬአለሁ።

ዋናው ተክል ባቄላ ነው። ዘሩ ትልቅ ስለሆነ ሳይጎዳ ይከፈታል፤ ዋና ሥሩ ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው፤ የቅጠሉ የታችኛው ስስ ልባስ ደግሞ በወረንጦ ተይዞ ሲሳብ በቀላሉ ይላጣል። ለማነጻጸሪያ በቆሎ፣ ለሥር ጸጉር ራዲሽ፣ ከሥር ወደ ግንድ ያለውን ሽግግር ለማየት ደግሞ ቦሎቄ ተጨምረዋል።

መሣሪያዎቹ ባለ 4፣ ባለ 10 እና ባለ 40 ሌንስ ያለው የተማሪ ማይክሮስኮፕ፣ ስላይድና ኮቨር ስሊፕ (በስላይዱ ላይ ያለውን ቁራጭ የሚከድን ስስ መስታወት)፣ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ፣ ወረንጦ፣ ቀጭን የሥዕል ብሩሽ፣ ሲሪንጅ፣ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ማስመሪያና ሚዛን ናቸው። ለማቅለሚያ አዮዲን፣ 0.05 በመቶ የሆነ ቶሉዲን ብሉ እና ቀይ የምግብ ቀለም ተዘጋጅተዋል። ከወጪው ውስጥ ከማይክሮስኮፑ ቀጥሎ ሳይታሰብ የሚበዛው የኮቨር ስሊፕ ወጪ ነው፤ ስላይድ ታጥቦ ደጋግሞ ሲያገለግል ኮቨር ስሊፕ በማጽዳት ላይ እያለ ይሰበራል። ሊቆጠብበት የማይገባው ምላጭ ነው። የደነዘ ምላጭ ሴሉን አይቆርጠውም፣ ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ቁራጭ ደግሞ ምንም ዓይነት ቀለም ቢነካ አይነበብም። ስለዚህ ምላጩን ከነወረቀቱ ርዝመቱን ይዞ ለሁለት በመስበር በአንድ ምላጭ ሁለት ስለት ማግኘት፣ ጥቂት ከተቆረጠበት በኋላም መጣል የሥራው ደንብ ሆኗል።

ዘር

የባቄላው ዘር ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ካደረ በኋላ ክብደቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በአንዱ ጫፍ ላይ ዘሩ ከቆባው ጋር ተያይዞበት የነበረው ረዘም ያለ ጥቁር ጠባሳ ይታያል፤ ከጠባሳው ጎን ደግሞ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ቀዳዳ አለ። የራሰውን ዘር በወረቀት አድርቆ በጣት ቀስ ብሎ ሲጨምቁት በዚያች ቀዳዳ ላይ ትንሽ የውሃ ጠብታ ብቅ ትላለች፤ ቀዳዳዋን ለማግኘት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም። ልባሱ ሲገፈፍ ሁለቱ ክኮች ይለያያሉ፤ በመካከላቸውም ለጋው ሥርና ለጋው ግንድ ተጣጥፈው ይገኛሉ። በክኩ ላይ አዮዲን ሲንጠባጠብበት ወዲያው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ይህም የተከማቸው ምግብ በአብዛኛው ስታርች መሆኑን ያሳያል።

ዘሩ ሲያጎነቁል ሁልጊዜ ቀድሞ የሚወጣው ሥሩ ነው። የክኩ ምግብ ቡቃያውን ለጊዜው ሊያቆየው ይችላል፤ ውሃ ግን ከውጭ መምጣት አለበት። ባቄላ ክኮቹን አፈር ውስጥ ትቶ ለጋውን ግንድ ብቻ ወደ ላይ ይልካል፤ ቦሎቄ በተቃራኒው ከክኩ በታች ያለውን ክፍል አርዝሞ ክኮቹን ከአፈር በላይ ያወጣቸዋል። ይህ ልዩነት በኋላ ላይ ለሽግግሩ ቦታ ጥናት የሚጠቅም ሆኖ ተገኝቷል።

ሥር፦ ከውጭ

ሥሩ እያደገ እንዲታይ ሁለት መስታወቶች መካከል እርጥብ የፎጣ ወረቀት አድርጌ፣ ዘሮቹን በላይኛው ጠርዝ ላይ ደርድሬ፣ መስታወቶቹን በክር አስሬ ጥቂት ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ዘንበል አድርጌ አቁሜአቸዋለሁ። ዘንበል የተደረጉበት ምክንያት ሥሩ ወደ ታች ሲያድግ የታችኛውን መስታወት እየታከከ እንዲወርድ ነው። በውጭ በኩል ጥቁር ወረቀት ተጠቅልሎባቸዋል።

የመጀመሪያው ዙር በሻጋታ ተበላሽቷል። ወረቀቱ በውሃ ሲጨቀይ አየር አይኖረውም፤ በዘሩ ልባስ ላይ ያለው የሻጋታ ዘርም ፋታ ያገኛል። በሁለተኛው ዙር ዘሮቹ በውሃ በቀጠነ በረኪና ለጥቂት ደቂቃ ታጥበው፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ከተለቀለቁ በኋላ ወረቀቱ እርጥብ እንጂ ውሃ የሚያንጠባጥብ እንዳይሆን ተደርጓል፤ ይህ በቂ ሆኗል።

ሥሩ የአውራ ጣት ያህል ሲረዝም ከጫፉ ጀምሮ በየ1 ሚሊሜትሩ መስመር ተደረገበት። እስክሪብቶ እርጥብ ሥር ላይ ስለሚንሸራተትና ስለሚፋቅ ውሃ የማያስለቅቀው ቀለም የተነከረ ቀጭን ክር ወጥሮ በየመስመሩ ማሳረፍ የተሻለ ውጤት ሰጥቷል። ሥሩ እንደገና ለማደግ ጊዜ ሲያገኝ ከጫፉ በስተጀርባ ያሉት ጥቂት መስመሮች ተራርቀው ሳሱ፤ ከእነርሱ በላይ ያሉት ግን እንደነበሩ ቀሩ። ስለዚህ ሥር ርዝመት የሚጨምረው በጫፉ አጠገብ ባለች ጥቂት ሚሊሜትር ክፍል ብቻ ነው ማለት ነው።

ይህ ውጤት የሥር ጸጉር ለምን እዚያ ቦታ እንደሚበቅል ያስረዳል። ጸጉሮቹ የሚወጡት መርዘም ካቆመው ክፍል ላይ ነው። ሥሩ ገና እየረዘመ ባለበት ቦታ ቢወጡ ኖሮ ወደ ፊት የሚገፋው ሥር ከአፈር ቅንጣት ጋር እያፋተገ በሸለታቸው ነበር። በባቄላ ላይ ጸጉሩን ማየት ስለሚያስቸግር ራዲሽ ክዳን ባለው ሳህን ውስጥ በእርጥብ ወረቀት ላይ ተዘራ፤ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ያደገው ሥር ነጭ ጭጋግ የለበሰ እስኪመስል ድረስ ጸጉር አወጣ። ክዳኑ ሲከፈት ጸጉሩ በቅጽበት መሟሸሽ ስለሚጀምር ቡቃያውን ከነወረቀቱ ቆርጦ በውሃ ጠብታ ላይ ማስቀመጥና ቶሎ መክደን ያስፈልጋል። በባለ 10 ሌንስ ሲታይ እያንዳንዱ ጸጉር የአንዲት የሥር ውጫዊ ሴል ማራዘሚያ ነው፤ በመካከሉ ምንም ግድግዳ የለበትም። ችግኝ ሲዛወር ሥሩ ደህና መስሎ ሳለ ቅጠሉ የሚጠወልገው እነዚህ ጸጉሮች አፈሩ ላይ ተበጥሰው ስለሚቀሩ ነው።

የሥሩን ጫፍ የሚሸፍነው ቆብ ለየብቻ ታይቷል። የበቆሎ ሥር ጫፍ በአዮዲን ተነክሮ በኮቨር ስሊፕ ሲጨፈለቅ በቆቡ መካከል ያሉ ሴሎች ውስጥ ጥቁር የስታርች ቅንጣቶች ተከማችተው ይታያሉ። ቅንጣቶቹ ከባድ በመሆናቸው በሴሉ ውስጥ ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ሥሩም የቱ አቅጣጫ ታች እንደሆነ የሚለየው በእነርሱ ነው። መስታወቱን በጎኑ ሳቆመው ሥሮቹ ሁሉ ጎበጥ ብለው ወደ ታች ተመለሱ፤ ቆባቸው የተቆረጠባቸው ግን አዲስ ቆብ እስኪያበቅሉ ድረስ ወደ ጎን መርዘማቸውን ቀጠሉ። ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1880 ያሳተመው ሥራ ይህንኑ የሥር ጫፍ ስሜት የሚመለከት ነበር።

ሥር፦ ከውስጥ

ለጋ ሥርን በእጅ ስስ አድርጎ መቁረጥ ከዚህ ሥራ ሁሉ አስቸጋሪው ክፍል ነው። ሥሩ ለስላሳ ስለሆነ ደጋፊ ይፈልጋል። የተሰነጠቀ ካሮት ውስጥ አስገብቶ መቁረጥ ይሠራል፤ ሆኖም የካሮቱ ብርቱካናማ ሴሎች ከሥሩ ቁራጭ ጋር ስለሚቀላቀሉ በማይክሮስኮፕ ሥር የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ያዳግታል። ቀጥሎ የዕቃ ማሸጊያ ነጭ ፎም ተሞከረ፤ ምላጩን ቶሎ ቢያደነዝዝም ፍርፋሪው ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ በቀላሉ ይለያል። ምላጩም ሥሩም እርጥብ ሆነው፣ ምላጩ ሳይጫን ወደ ራስ እየተሳበ በሰያፍ ሲቆረጥ ጥሩ ቁራጭ ይገኛል። ብዙ ቆርጦ ውሃ ላይ ማንሳፈፍና ከመካከላቸው በጣም ስስ የሆነውን በብሩሽ ማንሣት ይሻላል፤ ግማሽ ክብ ብቻ የሆነ ነገር ግን ስስ የሆነ ቁራጭ ሙሉ ክብ ሆኖ ከወፈረው ይልቅ ብዙ ያሳያል። ኮቨር ስሊፑን በአንድ ጠርዙ አስደግፎ ቀስ ብሎ ካላወረዱት አየር ይገባል፤ ጠርዙ ወፍራም ጥቁር የሆነ ፍጹም ክብ ነገር የታየ እንደሆነ የአየር አረፋ እንጂ ሴል አይደለም።

ቶሉዲን ብሉ ነክቶት ሲታጠብ የሥሩ አግድም ቁራጭ ሦስት ነገር ያሳያል። ከውጭ አንድ ረድፍ ሴል አለ፤ ቀጥሎ ሰፊ የሆነና ልል የሆነ የኮርቴክስ ክፍል ይመጣል፤ በመካከል ደግሞ ጠበብ ያለ ዓምድ አለ። በዓምዱ ውስጥ ዛይለሙ፣ ማለትም ውሃ የሚያስተላልፈው የቧንቧ ክፍል፣ አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ ሆኖ በኮከብ ቅርጽ ይታያል፤ ግድግዳው ሊግኒን (እንጨትን የሚያጠነክረው ነገር) ስላለው ከሌሎቹ ወይን ጠጅ ከሆኑት ሴሎች ይለያል። ፍሎየሙ፣ ማለትም ስኳር የሚያጓጉዘው ክፍል፣ በኮከቡ ክንዶች መካከል ነው።

በኮርቴክሱና በዓምዱ መካከል ያለችው አንዲት የሴል ረድፍ ኢንዶደርሚስ ትባላለች። ውሃ እስከዚህ ድረስ በሴሎች ግድግዳ ውስጥ እየሰረገ ሊመጣ ይችላል፤ እዚህ ግን የእነዚህ ሴሎች የጎን ግድግዳ ውሃ በማያሳልፍ ቀበቶ ስለተደፈነ ውሃውም በውስጡ የሟሟው ማዕድንም በሕያው ሴል ሽፋን በኩል ለማለፍ ይገደዳል። ሥር የሚፈልገውን የሚያስገባውና የማይፈልገውን የሚያስቀረው በዚህ ኬላ ነው። ቀበቶው በሮበርት ካስፓሪ ስም የካስፓሪ ቀበቶ ተብሎ ይጠራል። በባቄላ ለጋ ሥር ላይ በዚህ ማይክሮስኮፕ ለይቼ ማየት አልቻልሁም፤ ዕድሜ ያለው የበቆሎ ሥር ሲቆረጥ ግን የኢንዶደርሚሱ ሴሎች የውስጥና የጎን ግድግዳቸው ወፍሮ በአንድ በኩል ክፍት የሆነ ቅርጽ ይዘው በግልጽ ታይተዋል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሰጠሁት ቅርንጫፍ ሥር የሚወጣበትን ቦታ ነው። ከውጭ ሲታይ ከሥሩ ገጽ ላይ የበቀለ ይመስላል። በቁመት ሲቆረጥ ግን መነሻው ከኢንዶደርሚሱ በስተውስጥ ሆኖ፣ ኮርቴክሱን ሰንጥቆ፣ የተቀደዱትን ሴሎች ወደ ጎን እየገፋ መውጣቱ ይታያል። የግንድ ቅርንጫፍ እንዲህ አይደለም፤ እርሱ በቅጠሉ ብብት ላይ፣ በገጹ አጠገብ ካለ እንቡጥ ይነሣል። የልዩነቱ ምክንያት ከውሃው መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። በሥር ውስጥ ዛይለሙ መካከል ላይ ስለሆነ ቅርንጫፍ ሥሩ ከዋናው ቧንቧ ጋር ለመገናኘት ከመካከል መነሣት አለበት።

ስለ ሥር ግፊት

ይህ ከዕቅዱ ውጭ የመጣ ነው። በእርጥብ አፈር ላይ ያሉ የበቆሎ ቡቃያዎች በብርጭቆ ተከድነው ሲያድሩ ጠዋት በየቅጠሉ ጫፍ ላይ አንዳንድ ጠብታ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ጤዛ ቢሆን ኖሮ በቅጠሉ ገጽ ሁሉ ላይ በተበተነ ነበር፤ ጠብታው ግን ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ሌሊት ትነት ሲቆም ሥሩ ማዕድን ወደ ዛይለም ማስገባቱን ስለማያቋርጥ ውሃ ተከትሎ ይገባል፤ በዚህ የሚፈጠረው ግፊት ውሃውን በቅጠሉ ጫፍ ባሉ ልዩ ቀዳዳዎች ያስወጣዋል። ግፊቱ ቡቃያን ለማጠጣት ይበቃ ይሆናል እንጂ ረጅም ዛፍ ጫፍ ድረስ ውሃ አያደርስም፤ ለዚያ ሌላ ኃይል መፈለግ አለበት።

ግንድ

የተቆረጠ የባቄላ ግንድ ቀይ ቀለም ባለው ውሃ ውስጥ ቆመ። በአየር ላይ የተቆረጠውና በውሃ ውስጥ የተቆረጠው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቀለሙ በሁለተኛው ውስጥ ቶሎና ከፍ ብሎ ወጥቷል። በአየር ላይ ሲቆረጥ የተወጠረው የውሃ ዓምድ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ አየር ይከተለዋል፤ አየር የያዘ ቧንቧም ውሃ አያሳልፍም። ከዚህ በኋላ ማንኛውም የሚቆረጥ ግንድ ባልዲ ውስጥ፣ ከውሃ ሥር እንዲቆረጥ ተደርጓል።

ባለ አራት ማዕዘኑ ግንድ በአግድም ሲቆረጥ ቀዩ ቀለም የሚታየው በጠርዙ አጠገብ ዙሪያውን በተደረደሩ ነጠላ ጥቅሎች ውስጥ ነው። ጥቅል የምለው ዛይለምና ፍሎየም አብረው የሚሄዱበትን ዘለላ ነው፤ ዛይለሙ ወደ ውስጥ፣ ፍሎየሙ ወደ ውጭ ይሆናል። መካከሉ ባዶ ነው። በበቆሎ አገዳ ውስጥ ደግሞ ጥቅሎቹ ክብ ሳይሠሩ በሙሉ ስፋቱ ተበትነዋል፤ ወደ ጠርዙ ግን ይበዛሉ።

ዛይለሙ በሥር ውስጥ መካከል ላይ፣ በግንድ ውስጥ ጠርዝ ላይ መሆኑ ውሃ ከማድረስ ሥራ ብቻ አይገለጽም፤ ዛይለሙ ውሃ ማስተላለፊያ እንደሆነ ሁሉ ድጋፍም ነው። ሥርን የሚፈትነው ነገር መጎተት ነው፤ መጎተትን ለመቋቋም ጠንካራው ነገር እንደ ገመድ መካከል ላይ ቢሰበሰብ ሥሩ እየተጣመመ በድንጋይ መካከል ለማለፍም ይመቸዋል። ግንድን የሚፈትነው ግን መታጠፍ ነው። አንድ ነገር ሲታጠፍ አንዱ ጎኑ ይለጠጣል፣ ሌላው ይጨመቃል፣ መካከሉ ግን ብዙም አይነካም፤ ስለዚህ ብርታት የሚያስፈልገው ጠርዙ ላይ ነው። የባቄላ ግንድ መካከሉ ባዶ ሆኖ ሳለ የማይሰበረው በዚህ ምክንያት ነው።

የቁመት ቁራጭ ከአግድሙ ይልቅ ስለ ቧንቧው ብዙ ይናገራል። በባለ 40 ሌንስ ሲታይ በለጋ ግንድ ውስጥ ያለው የዛይለም ቧንቧ በውስጡ የሊግኒን ጥምዝምዝ አለው። ሴሎቹ ሲበስሉ ሞተው፣ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ፣ የጫፍ ግድግዳቸው ተበስቶ አንዱ በሌላው ላይ የተቀጠለ ቱቦ ይሆናሉ። ጥምዝምዙ ቱቦው በመሳብ ኃይል እንዳይሰምጥ ይደግፈዋል፤ ሙሉ ግድግዳ ሳይሆን ጥምዝምዝ መሆኑ ደግሞ ግንዱ ሲረዝም አብሮ እንዲለጠጥ ያስችለዋል። መርዘም ባቆመ ክፍል ውስጥ በኋላ የሚፈጠሩት ቧንቧዎች ግድግዳቸው ከሞላ ጎደል ሙሉ ነው።

ሰለሪን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ያስፈልጋል። ቀለም በማስወጣት ሙከራ ላይ ሰለሪ እንደ ግንድ ይቆጠራል፤ ነገር ግን የሚቆረጠው የቅጠል ዘንግ ነው፤ ጥቅሎቹም ክብ ሳይሆን የጨረቃ ግማሽ ሠርተው ይገኛሉ። በተጨማሪ፣ ሲላጥ እንደ ክር የሚወጣው ነገር ውሃ የሚሄድበት ቧንቧ ይመስላል። ቀለም የጠጣው ሰለሪ በአግድም ሲቆረጥ ግን ቀይ ነጥቦቹ ከክሮቹ በስተውስጥ ይታያሉ፤ ክሮቹ በአብዛኛው ኮለንኪማ የተባለ፣ ግድግዳው የወፈረ ሕያው የድጋፍ ሕብረ ሕዋስ ናቸው።

ሽግግሩ

የሥሩ ዛይለም ኮከብ የት ቦታ ላይ የግንዱ የጥቅሎች ክብ ይሆናል? ይህን ለማየት ቦሎቄ ተመርጧል፤ ከሥሩ እስከ ክኮቹ ያለው ክፍል ረጅም ስለሆነ ብዙ ቁራጭ ያወጣል። ከታች ወደ ላይ እየተቆረጠ ሁሉም አንድ ሳህን ውስጥ ሲንሳፈፍ የትኛው ከየት እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የጠርሙስ ክዳኖች በቁጥር ተደርድረው በየክዳኑ ውሃ ተደረገ፤ ከአንድ ከፍታ የተቆረጠው ሁሉ በራሱ ክዳን ገባ። ከዚህ በኋላ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ሆኗል። ታች ላይ ኮከቡ ጠባብ ነው፤ ወደ ላይ ሲኬድ ክንዶቹ ይለያያሉ፤ በመካከላቸው ቧንቧ የሌለው ለስላሳ ክፍል ይከፈታል፤ ከዚያም የተለያዩት ክንዶች ቦታቸውን እየቀየሩ ከፍሎየም ጋር ተጣምረው ጥቅል ይሆናሉ። በሥር ውስጥ ቀድሞ የተፈጠረው ጠባብ ዛይለም ወደ ውጭ ሲሆን በግንድ ውስጥ ወደ ውስጥ ነው፤ መገለባበጡ የሚከናወነው በዚህ ክፍል ውስጥ ነው። በመካከሉ ያሉት ጥቂት ቁራጮች ሥርም ግንድም ሊባሉ አይችሉም። ለእኔ ከሙሉው ስብስብ የሚበልጡት እነዚህ ናቸው።

ፍሎየሙን ለመለየት ቅርፊት ባለው ቀጭን የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ልጡ በቀለበት ቅርጽ ተላጠ። ቅጠሎቹ አልጠወለጉም፤ ውሃው በእንጨቱ ውስጥ ስለሚሄድ መንገዱ አልተነካም። ከቀለበቱ በላይ ያለው ቅርፊት ግን ቀስ በቀስ አበጠ፤ ከቅጠል ወደ ታች የሚወርደው ስኳር እዚያ ስለቆመ ነው። ማርቼሎ ማልፒጊ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዛፍ ቅርፊት በቀለበት እየላጠ የተመለከተው ይህንኑ ነው።

ቅጠል

የቅጠል ስስ ቁራጭ ለማግኘት ቅጠሉን እንደ ሲጋራ ጠቅልሎ መቁረጥ ፈጣን ነው። የላይኛው ክፍል ተጠጋግተው የቆሙ ረጃጅም ሴሎች አሉት፤ ክሎሮፕላስት (ምግብ የሚሠራው አረንጓዴ ቅንጣት) የሚበዛው በእነርሱ ውስጥ ነው። የታችኛው ክፍል ሴሎች ተራርቀው በመካከላቸው ሰፊ የአየር ክፍተት ይታያል። በጅማቱ ውስጥ ዛይለሙ ከላይ፣ ፍሎየሙ ከታች ነው። ይህ በዘፈቀደ የሆነ አይደለም፤ በግንዱ ውስጥ ዛይለሙ ወደ ውስጥ ስለነበር ጥቅሉ ወደ ቅጠል ሲታጠፍ የውስጡ ጎን የላይኛው ጎን ይሆናል። ቅጠል ተገልብጦ ቢገኝ እንኳ በጅማቱ ቁራጭ ላይና ታቹን መለየት ይቻላል።

የቅጠሉን ቀዳዳዎች ማለትም ስቶማታን ለመቁጠር ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በስሱ ተቀብቶ ሲደርቅ በግልጽ ፕላስተር ተነሥቶ ስላይድ ላይ ይለጠፋል። በወፍራሙ ሲቀባ አረፋ ይይዛል፤ ጸጉር ባለው ቅጠል ላይ ደግሞ ጸጉሩን ነቅሎ ስለሚመጣ አይነበብም። ቆጠራውን ወደ ስፋት ለመለወጥ የእይታውን ክብ መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። በዓይን ሌንሱ ላይ የተጻፈው የእይታ ቁጥር 18 ከሆነ ለባለ 40 ሌንስ 18ን ለ40 ማካፈል ነው፤ 0.45 ሚሊሜትር ዲያሜትር ይሆናል፤ ስፋቱም ወደ 0.16 ካሬ ሚሊሜትር ይጠጋል። በአንድ እይታ 8 ስቶማታ ቢቆጠር በካሬ ሚሊሜትር 50 ያህል ማለት ነው። በአንድ ቦታ ብቻ ቆጥሮ መደምደም አይገባም፤ በጅማት አጠገብና ከጅማት ርቆ ያለው ይለያያል። በባቄላውም ቢሆን የታችኛው ገጽ ከላይኛው ይበልጣል።

ሕያው ሆኖ ለማየት የታችኛው ልባስ ተላጥቶ በውሃ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ጠባቂ ሴሎች በከንፈር አምሳያ ቀዳዳውን ይዘው ይታያሉ፤ ከዙሪያቸው ካሉት የልባስ ሴሎች በተለየ ክሎሮፕላስት አላቸው። በኮቨር ስሊፑ አንድ ጠርዝ የጨው ውሃ ጠብታ አድርጌ በሌላው ጠርዝ በወረቀት ስስበው ጠባቂ ሴሎቹ ውሃ አጥተው ላሉ፤ ቀዳዳውም ጠበበ። በቅጠሉ ላይ ስቶማታ ሲከፈት ይህ ተገልብጦ ይከናወናል፤ ፖታሲየም ወደ ጠባቂ ሴሎቹ ይገባል፤ ውሃ ይከተለዋል፤ ሴሎቹም ይነፋሉ። በሁሉም አቅጣጫ እኩል ሳይሆን እንዲጎብጡ የሚያደርጋቸው በግድግዳቸው ውስጥ ያሉት የሴሉሎስ ክሮች አቀማመጥ ነው።

ፖቶሜትር

የመጨረሻው መሣሪያ ግንዱ የሚስበውን ውሃ የሚለካ ነው። የውስጥ ዲያሜትሩ 1 ሚሊሜትር የሆነ የመስታወት ቱቦ ከማስመሪያ ጋር ታስሮ በፕላስቲክ ቱቦ ከባቄላው ግንድ ጋር ተገናኘ፤ ሲሪንጁ የአየር አረፋውን ወደ መነሻው ለመመለስ በጎን ተቀጠለ። አረፋው መጀመሪያ ላይ ያለምንም ለውጥ ባለበት ቆመ። ምክንያቱ አራት ማዕዘን ግንድ ክብ ቱቦ ውስጥ ሲገባ በማዕዘኖቹ መካከል አየር ማስገባቱ ነበር። ቫዝሊን ብቻውን አልያዘም። ግንዱ የሚገባበት ቱቦ ጠበብ ባለና ይበልጥ ለስላሳ በሆነ ሲተካ፣ መጋጠሚያውም ቫዝሊን ተቀብቶ በቴፕ ሲታሰር አየር መግባቱ ቆመ። ግንዱ የተቆረጠው፣ የተገጠመውም ሙሉ በሙሉ በውሃ ውስጥ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አረፋው 50 ሚሊሜትር ቢጓዝ የቱቦው የአግድም ስፋት 0.785 ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ የተሳበው ውሃ 39 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ቅጠሉ ላይ ማራገቢያ ሲነፍስበት አረፋው ፈጠነ፤ በፕላስቲክ ከረጢት ሲሸፈን ዘገየ፤ የቅጠሎቹ የታችኛው ገጽ ቫዝሊን ሲቀባ ከላይኛው ይልቅ ይበልጥ ዘገየ፤ ቅጠሎቹ ሁሉ ሲነቀሉ ለመቆም ተቃረበ። ማራገቢያው ለረጅም ጊዜ ሲቀጥል ግን ፍጥነቱ እንደገና ወረደ፤ ቅጠሉ ውሃ እያጠረው ሲሄድ ስቶማታው ይዘጋል። መሣሪያው የሚለካው የገባውን እንጂ የወጣውን እንዳልሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሙሉው መሣሪያ በሚዛን ላይ ተቀምጦ ክብደቱ ሲመዘገብ ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ ናቸው፤ ቅጠሉ መጠውለግ ሲጀምር ግን የወጣው ከገባው ይበልጣል።

ከሥር ከሚገባው ውሃ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በቅጠል ተንኖ ይወጣል። ይህ ብክነት መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባው በዚያው ቀዳዳ ስለሆነ ተክሉ አንዱን ዘግቶ ሌላውን መክፈት አይችልም። የሥር ግፊት የጎደለውም ኃይል ይኸው ትነት ነው። ከሴሎቹ ግድግዳ ላይ የሚተነው ውሃ በቧንቧው ውስጥ ያለውን ዓምድ ይስባል፤ የውሃ ሞለኪውሎችም እርስ በርሳቸው ስለሚያያዙ ዓምዱ ሳይበጠስ እስከ ሥር ይሳባል። ሄንሪ ዲክሰንና ጆን ጆሊ በ1890ዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ ይህ ነው። ስቲቨን ሄልስ ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1727 ባሳተመው ሥራው፣ ተክል የሚያተነውን ውሃ በሚዛን ለክቶ አሳይቷል።

ስም የሚያሳስቱ ክፍሎች

ስብስቡን ከመዝጋቴ በፊት ከአፈር ውስጥ የሚወጡ ጥቂት ነገሮች በዚሁ መንገድ ተፈትነዋል። ድንች ሥር አይደለም፤ ዓይኖቹ በብብት ላይ ያሉ እንቡጦች ናቸው፤ አቀማመጣቸውም በድንቹ ዙሪያ ጥምዝ ተከትሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንጓ ያለው የወፈረ ግንድ ነው። ካሮት ሥር ነው፤ በቁመት ሲሰነጠቅ ቅርንጫፍ ሥሮቹ ከመካከለኛው ዓምድ ተነሥተው ወደ ውጭ ሲያልፉ ይታያሉ። ስኳር ድንች ከድንች ጋር በስም ቢቀራረብም ሥር ነው። ዝንጅብል አንጓዎቹ ላይ የደረቁ ትንንሽ ቅጠሎች ጠባሳ ስላለው ግንድ ነው። ሽንኩርት ላይ የሚበዛው ክፍል ቅጠል ነው፤ ግንዱ ሥሮቹ የሚወጡበት ጠፍጣፋ ታች ብቻ ነው።

ቁራጮቹን ለማቆየት በውሃ ፈንታ ግሊሰሪን ተደርጎ የኮቨር ስሊፑ ዙሪያ በጥፍር ቀለም ታሽጓል። ግሊሰሪኑ ከበዛ ጠርዙ ላይ ስለሚወጣ የጥፍር ቀለሙ አይያዝም፤ ትርፉን በወረቀት መጥጦ ጠርዙን በአልኮል መጥረግ ያስፈልጋል። ቶሉዲን ብሉ በግሊሰሪን ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚለቅ የሽግግሩ ቁራጮች ከመታሸጋቸው በፊት ፎቶ ተነሥተዋል፤ በየስላይዱም ላይ የክዳኑ ቁጥርና ከሥሩ ጫፍ ያለው ርቀት ተጽፎበታል።